«አምሮት ቅብጠት ነው» ላሉን ጸሐፊ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። እኔ ዘንድ የደረሰው በአንዲት ነፍሰ ጡር በኩል ነው። «አንብቢውና መልስ ስጪበት፤ ባሌ ሳያየው በፊት ግን» ብላ ነው የላከችልኝ።

የጽሑፉ ሐሳብ ሲጨመቅ ይህን ይመስላል። የእርጉዝ ሴት አምሮትና ማቅለሽለሽ የከተማ ቅብጠት ነው። አያቶቻችን ነፍሰ ጡር ሆነው አጭደዋል፣ ውኃ ቀድተዋል፤ ሎሚ አምጡልኝ ብለው አያውቁም። ማስታወኩ ከጭንቅላት ነው። ሆርሞን የሚባለው ሰበብ ነው፤ ሆርሞን ቢሆን ሁሉንም ሴት እኩል ይነካ ነበር። ቡና ሸተተኝ ማለት ጎረቤትን መናቅ ነው። አፈር የምትበላዋን ግን ተዉአት፤ አፈር ብረት አለው። አልበላም የምትለዋን ለሁለት እንድትበላ አስገድዷት። በወር አበባ ሰሞን ቸኮሌት አማረኝ የምትለዋም ከፊልም የተማረችው ነው። ሁሉም ነገር በወለደች ማግስት ብን ብሎ መጥፋቱ ደግሞ ማስመሰል እንደነበር ያሳያል። መዝጊያው ለባሎች የተሰጠ ምክር ነው፦ በሌሊት ብርቱካን ፍለጋ አትውጡ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ጸሐፊው ቅብጠት ያሉትን ነገር በእርግዝና ክትትል ክፍል በየቀኑ አያለሁ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስላቸው። አንድ ሁለት ቦታ ላይ ልክ ናቸው፤ እሱንም አልደብቅም።

«አያቶቻችን አምሮት አያውቁም ነበር»

አያቶቻችን አምሮት ካላወቁ ስለ አምሮት ይህን ሁሉ ወግ ማን አወረሰን? እርጉዝ ያማራትን ካልሰጧት ልጁ ምልክት ይዞ ይወለዳል የሚለው አባባል ከቦሌ አልመጣም። ሥጋ ሲጠበስ በደጅ የምታልፍ ነፍሰ ጡር «ሽታ እንዳይመታት» ተጠርታ እንድትቀምስ የሚደረገው ከጥንት ጀምሮ ነው። ከጭቃ ግድግዳ ላይ ፍቀው የሚበሉትም ፎቅ ላይ የሚኖሩት አይደሉም።

አያቶቻችን ያጡት ምርጫ ነው። አጨዳ አቅለሸለሸኝ ቢሉት አይጠብቅም። ማሳው ዳር አስታውካ፣ አፏን ተጉመጥምጣ፣ ማጭዷን መልሳ ያነሣች ሴት ማን ይጽፍላታል? ደግሞ እርግዝና ገና ሳይገፋ ለሰው አይነገርም ነበር። አሁንም በብዙ ቤት እንዲሁ ነው። ማቅለሽለሹ የሚበረታው በእነዚያ በሚደበቁት ሳምንታት ስለሆነ ያየ ሰው ባይኖር አይገርምም።

«ማስታወክ ከጭንቅላት ነው፤ ልጁን የፈለገች ሴት አታስታውክም»

ጸሐፊው ይህን እንደ አዲስ ግኝት አቀረቡት እንጂ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ሐኪሞችም ብለውት ነበር። ክፉኛ የምታስታውክ ሴት ልጁን በውስጧ የገፋች ናት ተባለ። ከቤተሰቧ ነጥሎ ማስተኛት እንደ ሕክምና የታየበት ጊዜ ነበር። ሴቶቹ ግን ማስታወካቸውን አላቆሙም።

አሁን የሚታወቀው ሌላ ነው። ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ከተተከለ ጀምሮ ኤችሲጂ የሚባል ሆርሞን ይመነጫል። በሽንት የሚደረገው የእርግዝና ምርመራ የሚፈልገው እሱን ነው። መጠኑ በየሁለት ሦስት ቀኑ እጥፍ እየሆነ ይሄድና ከ8ኛው እስከ 11ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ ይወርዳል። ማቅለሽለሹም አብዛኛውን ጊዜ በ6ኛው ሳምንት ግድም ይጀምርና 9ኛው ላይ ይብሳል፤ ከ14ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ለብዙዎች ይቀላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሄዱ ለረጅም ዘመን ጥፋቱ ሁሉ በኤችሲጂ ላይ ተላከከ።

ዛሬ ዋናው ተጠርጣሪ ጂዲኤፍ 15 የሚባለው ሆርሞን ነው። ሁላችንም ደም ውስጥ በጥቂቱ አለ። ሰውነት ሲታመም ወይም ሲጎዳ ይጨምራል። በእርግዝና ጊዜ ግን የእንግዴ ልጁ በብዛት ያመነጨዋል። ይህ ሆርሞን የአንጎል ግንድ ላይ ካለ ተቀባይ ጋር ሲገናኝ ያቅለሸልሻል፤ ምግብም ያስጠላል። አንጎል መግባቱን ካየን ጸሐፊው «ከጭንቅላት ነው» ማለታቸው በአንድ በኩል ልክ ነው ልንል እንችላለን። እሳቸው ያሰቡት ግን ይህን አይመስለኝም።

ይህን በሰፊው ያሳየው ጥናት በ2023 መጨረሻ እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። ከመሪዎቹ መካከል አሜሪካዊቷ ማርሌና ፌዞና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ኦራሂሊ ይገኙበታል። ፌዞ ራሷ በ1999 እ.ኤ.አ. በከባድ ማስታወክ ተይዛ ፅንሷን አጥታለች። የሚያክማት ሐኪም ያኔ ሕመሟን ከቁም ነገር አልቆጠረውም ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ምክንያቱን ስትፈልግ ኖረች።

«ከጭንቅላት ነው» ማለት መዘዝ አለው። ሴቲቱ እርዳታ መጠየቅ ታፍራለች። ቤተሰብም «ቻይው» ይላታል። መድኃኒት መፍራትስ ምክንያት ነበረው። በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ታሊዶማይድ የተባለ መድኃኒት ለእርጉዞች ማቅለሽለሽም ተሰጥቶ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት የአካል ጉዳት ይዘው ተወለዱ፤ በ1961 እ.ኤ.አ. ከገበያ ወጣ። ያ ታሪክ ግን ዛሬ ያሉትን ሁሉ አይወክልም። ቫይታሚን ቢ6 ለብቻውም ሆነ ዶክሲላሚን ከሚባለው ጋር ለረጅም ዘመን በእርጉዞች ላይ ሲሠራበት የኖረና በሚገባ የተጠና ነው። ሐኪም ይጠየቅ፤ ዝም ብሎ መሰቃየት ጽድቅ አይደለም።

«ሆርሞን ቢሆን ሁሉንም እኩል ይነካ ነበር»

ይህ የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ ነው። አሳማኝ ይመስላል። ከ10 እርጉዞች 7 ወይም 8ቱ ያቅለሸልሻቸዋል፤ የቀሩት ምንም አይላቸውም። ጥቂቶች ደግሞ ውኃ እንኳ አልረጋ ብሏቸው ሆስፒታል ይተኛሉ። ሆርሞኑ ያው ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ?

መልሱ እዚያው ጥናት ውስጥ አለ። ወሳኙ የሆርሞኑ መጠን ብቻ አይደለም፤ ሰውነቷ ከማርገዟ በፊት ምን ያህል ለምዶት ነበር የሚለውም ነው። ከልጅነቱ ቃሪያ ሲበላ ያደገና ትናንት የቀመሰው ሰው እኩል አይቃጠሉም። ከእርግዝና በፊት ጂዲኤፍ 15 በደሟ ውስጥ ያነሰ ሴት፣ ፅንሱ ሲመጣ ድንገት ይጥለቀለቅባታል፤ ክፉኛ ትታመማለች። ቤታ ታላሴሚያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ የደም ሕመም ያለባቸው ሴቶች ዕድሜ ልካቸውን ይህ ሆርሞን በደማቸው ከፍ ብሎ ይኖራል። እነሱ ሲያረግዙ ብዙም አያቅለሸልሻቸውም።

ያቺው ሴት በመጀመሪያው ልጅ ታማ በሁለተኛው ደህና የምትሆንበት ምክንያትም አለ። ሆርሞኑ በአብዛኛው የሚመጣው ከፅንሱ ወገን ነው። ፅንሱ ከእናትና ከአባት የወረሰው ዘረ መል የሆርሞኑን መጠን ይለውጠዋል። ስለዚህ «በወንዱ እንዲህ አላደረገኝም» የምትል እናት አልተሳሳተችም። በጣም የሚያስታውኩ ሴቶች ሴት ልጅ የመያዝ ዕድላቸው በጥቂቱ ከፍ ማለቱንም ጥናቶች አይተዋል። ይህን አንብባችሁ ግን የሕፃን ልብስ ቀለም እንዳትመርጡ፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ጣፋጭ ካማራት ሴት፣ ኮምጣጣ ካማራት ወንድ የሚባለው ጨዋታ ነው።

ዘርም አለበት። በኖርዌይ በተደረገ ጥናት እናቷ በከባድ ማስታወክ ታማ የነበረች ሴት እሷም የመታመም ዕድሏ 3 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ምራትን «ቀበጥሽ» ከማለት በፊት የእናቷን ታሪክ መጠየቅ ነው።

«ቡና ሸተተኝ ማለት ጎረቤትን መናቅ ነው»

ይህቺ ነጥብ አናዳኛለች። በእሷ ምክንያት ሴቶች ሲኳረፉ አይቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጣ ስትጫወት የነበረች ሴት ዛሬ ቡና ሲቆላ በሯን ትዘጋለች። ጎረቤቶቿ እርግዝናውን አያውቁም። «ምን አድርገናት ነው?» ይባባላሉ። እሷም ገና ለሰው ስላልነገረች መልስ የላትም።

አፏ ውስጥ ያለውን ነገር እንይ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ብዙ ሴቶች የመረረ ነገር ከወትሮው የበለጠ ይመርራቸዋል። አንዳንዷ ምንም ሳትቀምስ አፏ ብረት ብረት ይላታል። ምራቋ ይበዛል፤ ታክሲ ውስጥ ሶፍት አፏ ላይ ይዛ የምትሄደውን እናውቃታለን። የጥርስ ሳሙና ያስታውካታል። ስትወደው የኖረችው የባሏ ሽቶ አስጠልቷት ሌላ ክፍል ትተኛለች። የሽንኩርት ቁሌት ሽታማ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ቁሌት እየሸተታት ወጥ ሠርታ ለቤተሰብ የምታቀርብ ነፍሰ ጡር በየቤቱ አለች፤ እሷ ራሷ ከወጡ አትቀምስም።

የሽታው ነገር አስገራሚ ነው። በመሣሪያ ሲለካ እርጉዝ ሴት ደካማ ሽታን በመለየት ከሌላው ሴት ብዙም አትበልጥም። የተለወጠው ሽታው የሚቀሰቅስባት ስሜት ነው። ትናንት ግድ ያልሰጣት ዛሬ ያስጠላታል።

ለምን? አንዳንድ ተመራማሪዎች መከላከያ ነው ብለው ይገምታሉ። የፅንሱ አካላት የሚሠሩት በእነዚያ ሳምንታት ነው። በዕፅዋት ውስጥ መራራነት ብዙ ጊዜ የመርዝ ምልክት ነው። ሥጋም ቢበላሽ በሽታ ያመጣል። ሰውነት ከእነዚህ መሸሹ ትርጉም ይሰጣል ነው የሚሉት። ግምት ነው፤ የተዘጋ ጉዳይ አይደለም። የሚያቅለሸልሻቸው ሴቶች ፅንስ የማጣት ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑ ግን በጥናት ታይቷል። የማያቅለሸልሻት አትደንግጥ፤ ብዙ ጤነኛ ልጅ ያለምንም ማቅለሽለሽ ተወልዷል።

ስለ ቡና ሌላም አለ። በእርግዝና ጊዜ ጉበት ካፌይንን የሚያስወግድበት ፍጥነት ይቀንሳል። እርጉዝ ያልሆነች ሴት የጠጣችውን ካፌይን ግማሹን በ5 ሰዓት ገደማ ታስወግዳለች። በእርግዝና መጨረሻ ግን ያው ግማሽ 15 ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል። ከሰዓት በኋላ የጠጣችው ቡና አብሯት ያድራል ማለት ነው። እንቅልፍ አጣሁ፣ ልቤ መታ የምትል እርጉዝ መጀመሪያ የምጠይቃት ስለ ቡናዋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ ካፌይን የምትወስድ ነፍሰ ጡር እንድትቀንስ ይመክራል። ቡናው ሲኒውን የሞላ ወፍራም ከሆነና ሦስቱም ከተጠጣ፣ በዚያ ላይ ሻይ ከተጨመረበት፣ ወደዚያ መጠጋት ከባድ አይደለም።

ጎረቤቶች ሆይ፣ ቡናውን ውጭ ቁሉት። እሷም ስትድን ትመጣለች።

«አፈር ብትበላ ተዉአት፤ ብረት አለው»

ሎሚ የጠየቀችዋን የገሠጹት ጸሐፊ አፈር ለምትበላዋ ፈቃድ ሰጡ። ከጽሑፉ ሁሉ ሰው የሚጎዳው ይህ አንቀጽ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ክትትል ክፍል ውስጥ ይህን ጉዳይ ማንም ቀድሞ አያነሣውም። «የሚያምርሽ ነገር አለ?» ስላት ብርቱካን ትለኛለች። «ሌላስ? ጭቃ? ከሰል? በረዶ?» ስላት ትስቃለች። እዚያች ሳቅ ላይ ነው የምደርስባት። አንዷ ውኃ የተረጨ ግድግዳ ሽታ አላስቀምጥ ይላታል። ሌላዋ ዝናብ ሊጥል ሲል የሚሸተው መሬት። ቦርሳቸው ውስጥ በሶፍት ጠቅልለው የሚይዙ አሉ። ሁሉም የሚያፍሩበት ነገር ነው፤ ብዙዎቹ ባላቸውም አያውቅም።

በእርግዝና ወቅት የሴቲቱ ደም ብዛት ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ፅንሱና የእንግዴ ልጁም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። በጠቅላላው እርግዝናው 1 ግራም ያህል ብረት ይፈልጋል። ትንሽ ይመስላል፤ ከምግብ የምናገኘው ብረት ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂቱ ስለሆነ ግን ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ምግብ ያልሆነ ነገር የሚያምራቸው ሴቶች ብዙ ጊዜ ብረት አንሷቸው ይገኛሉ። የብረት ማነሱ አምሮቱን ያመጣል ወይስ አፈሩ ብረቱን ያሳንሳል የሚለው ገና ያከራክራል። በረዶ መቆርጠም ላይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። ብረት መውሰድ ስትጀምር ደሟ ገና ሳይሞላ የበረዶ አምሮቷ የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

ታዲያ አፈር ብረት የለውም? አለው። ቀዩ አፈር የቀላው በብረት ነው። ችግሩ ያ ብረት ለአንጀታችን አይሆንም። ይባስ ብሎ ሸክላነት ያለው አፈር አንጀት ውስጥ ከምግብና ከእንክብል የመጣውን ብረት ይዞት ይወጣል። ብረት ፍለጋ ገብታ ያላትን አጥታ ትወጣለች። ጤፍም እኮ ብረቱ የበዛ የሚባለው ከፊሉ ከአውድማ አፈር የተቀላቀለ ስለሆነ ነው። ጤፍን የምወድ ሰው ነኝ፤ በእሱ ብቻ ተማምኖ እንክብል መተው ግን አይሆንም።

በዚያ ላይ አፈር ብቻውን አይመጣም። የወስፋት እንቁላል ይይዛል። በመንገድ ዳርና በአሮጌ ቀለም አጠገብ ያለ አፈር እርሳስ (ሊድ) የሚባል መርዛማ ማዕድን ሊኖረው ይችላል። እርሳስ የእንግዴ ልጁን አልፎ ለፅንሱ አንጎል ይደርሳል። «ተዉአት» የሚባል ነገር አይደለም።

ማድረግ ያለባት ቀላል ነው። ትናገር። ሄሞግሎቢኗ ይለካ፤ በእርግዝና ጊዜ በአብዛኛው ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብል በየቀኑ ይወሰዳል። ዓይነ ምድር ያጠቁራል፤ ያ አያስደነግጥም። ካቅለሸለሻት ማታ ልትተኛ ስትል ትዋጠው። ከቡናና ከሻይ ጋር ግን አይሄድም፤ በውስጣቸው ያለው ነገር ብረቱን ያስረዋል። ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጋር ሲሆን ደግሞ በተሻለ ይገባል። ጸሐፊው የቅብጠት ምልክት ያደረጓት ሎሚ ይህን ያህል ትሠራለች።

«ለሁለት ትብላ፤ ካልበላች አስገድዷት»

ሁለተኛው ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ከአውራ ጣት አይበልጥም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ተጨማሪ ጉልበት ሰጪ ምግብ አያስፈልጋትም ማለት ይቻላል። ከዚያ በሁለተኛው ሦስት ወር በቀን 340 ካሎሪ ግድም፣ በመጨረሻው 450 ገደማ ይጨመራል። ይህ አንድ ደህና መክሰስ ነው። ቢያንስ ቢያንስ የባልን ድርሻ መብላት አይደለም።

የምግብ ፍላጎቱ በኋላ ራሱ ይመለሳል። ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ይገፋዋል። ሌፕቲን የሚባል ሌላ ሆርሞን ደግሞ በወትሮው ስብ ሲበዛ «ጠገብኩ» የሚል መልእክት ለአንጎል ይልካል። በእርግዝና ጊዜ መጠኑ ቢጨምርም አንጎል እንደ ድሮው አይሰማውም። ስለዚህ ሰውነቷ ስንቅ እየያዘ መራቧ አይቀርም። ያው ፕሮጄስትሮን የጨጓራን በር ያላላል፣ አንጀትንም ያዘገያል። ቃርና ድርቀት የሚመጣው ከዚህ ነው። ማታ በጊዜ መብላት፣ ትንሽ ትንሽ እየቆራረጡ መብላት፣ ከአልጋ ሳይወርዱ በፊት ደረቅ ዳቦ ወይም ቆሎ ቢጤ መቅመስ ይረዳል። ዝንጅብልም ይረዳል። አፏ ላይ ጉርሻ ይዞ መቆም ግን ማስታወክን ማፋጠን ነው። ጉርሻ ፍቅር መሆኑን አልረሳሁም።

ከማስገደድ ይልቅ መነሣት ያለበት ክልከላው ነው። ወተት፣ ሙዝና እርጎ አማረኝ የምትል ሴት «ልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል» ተብላ ትከለከላለች። ልጁ ሲወለድ የሚታየው ነጭ ነገር ከፅንሱ ከራሱ ቆዳ የሚወጣ መከላከያ ቅባት ነው። ከእናቲቱ ሙዝ ጋር አይተዋወቅም። እኔ የምከለክለው አምሮት ጥሬ ሥጋ ነው። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል፤ ፅንሱን ይጎዳል። ክትፎው በደንብ ይብሰልላት።

ጾምን በተመለከተ ጸሐፊው ምንም አላሉም። እኔ ግን ሁዳዴን ሳይቀልላት እየጾመች በማስታወክ የምትዝል እናት በየዓመቱ አገኛለሁ። የንስሐ አባቷን ታማክር። ለሙስሊም እኅቶችም ለራሷ ወይም ለልጇ ለምትፈራ እርጉዝ ማፍጠር ተፈቅዷል።

«የወር አበባ ቸኮሌት ከፊልም የመጣ ነው»

እዚህ ላይ ግማሽ ነጥብ እሰጣቸዋለሁ። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን ሲጨምር ብዙ ሴቶች ምግባቸው በጥቂቱ ከፍ ይላል። ያ ሆርሞን ነው። ቸኮሌት የሚለው ግን የአገር ነው። አሜሪካውያን ሴቶች የቸኮሌት አምሮታቸውን ከወር አበባ ጋር ያያይዙታል፤ ስፔናውያኑ ግን ቸኮሌት ቢወዱም ያን ያህል አያያይዙትም። ማህፀናቸው አንድ ዓይነት ነው።

ስለዚህ ሆርሞኑ ይገፋል፤ ግፊቱ የሚያርፍበትን ምግብ ግን ኑሮና ገበያ ይመርጣሉ። ዱባይ ያለችው እኅታችን በ9ኛው ሳምንት እንጀራ ሲያምራት፣ አዲስ አበባ ያለችው እንጀራ አታሳዩኝ ብላ ፓስታ ትበላ ይሆናል። ሁለቱም አላስመሰሉም።

«በወለደች ማግስት መጥፋቱ ማስመሰል እንደነበር ያሳያል»

ጸሐፊው ይህን እንደ ማሰሪያ ነው የተጠቀሙበት። ለእኔ ግን የራሳቸውን ክስ የሚያፈርሰው ማስረጃ ይህ ነው። የሆርሞኑ ምንጭ የእንግዴ ልጁ ነው አልን። የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ምንጩ ይቆማል። በደሟ ውስጥ የነበረው ሆርሞንም ይወርዳል። እስከ መጨረሻው ቀን ስታስታውክ የነበረች ሴት ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ገንፎ ስትጠይቅ አይቻለሁ። የምታስመስል ሴት ቢያንስ ለጨዋታው ማሳመሪያ ጥቂት ቀን ትጨምር ነበር!

ከዚያ ደግሞ ሌላ ለውጥ ይጀምራል። የምታጠባ እናት በቀን እስከ 500 ካሎሪ የሚጠጋ ተጨማሪ ምግብ ትፈልጋለች። ልጁ ጡት ሲይዝም ድንገት ይጠማታል፤ ውኃ አጠገቧ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። አጥሚቱ፣ ገንፎው፣ የአራስ ቤቱ ግርግር በዚህ ሚዛን ሲታይ ብልኅነት ነው። ገንፎዋ ላይ የሚፈሰው የቅቤ መጠን ግን ሌላ ጽሑፍ ያስፈልገዋል።

ለባሎች የተሰጠው ምክር

ባል በሌሊት ብርቱካን ፍለጋ ባይወጣ ፅንሱ ምንም አይሆንም። በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ማርያም ስማዋለች የሚባለው ምልክት የሚመጣው ከቆዳ ቀለምና ከደም ሥሮች አፈጣጠር ነው፤ ካልተበላ ጥብስ አይመጣም። ሚስቱን ደስ ማሰኘት ከፈለገ ይሂድ፤ የሚከለክለው የለም።

በሌሊት መውጣት ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ ግን አለ። ቀኑን ሙሉ ውኃ እንኳ ካልረጋላት። ሽንቷ ጠቁሮ ካነሰ ወይም ለ8 ሰዓት ያህል ካልሸናች። ስትነሣ ካዞራት። ክብደቷ ከእርግዝናው በፊት ከነበረው 5 በመቶ ከቀነሰ፤ 60 ኪሎ የነበረች ሴት 57 ገባች ማለት ነው። ትውከቷ ደም ካለው፣ ትኩሳት ወይም ጠንካራ የሆድ ሕመም ከተጨመረ። ከእነዚህ አንዱ ካለ ጧት ይነጋል ተብሎ አይጠበቅም።

ስትደርሱም ስንት ጊዜ እንዳስታወከችና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለባለሙያው ንገሩ። በተለይ ማስታወኩ ሳምንታት ከቆየ «ግሉኮስ ይሰቀልላት» ብሎ መቸኮል አይገባም። ረጅም ማስታወክ ቫይታሚን ቢ1ን ያሟጥጣል። እሱ ሳይሰጣት ስኳር ያለው ፈሳሽ ቢቀድም አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ቢ1 ያስፈልጋት እንደሆነ ጠይቁ።